የቆዩ የእንግሊዝኛ ማዕረጎችንና የጋሻ አርማ ቃላትን እንዴት እናንብብ? ለጎንደር አንባቢ የተዘጋጀ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ከቆየ እንግሊዝኛ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝ ሰው ጥቂት አይደለም። በፋሲል ግቢ እንግዳ የሚያስጎበኝ፣ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ የሚያጠና፣ የስኮትላንዳዊውን ተጓዥ የጄምስ ብሩስን የጉዞ መጽሐፍ ስልኩ ላይ አውርዶ ስለ ቁስቋምና ስለ እቴጌ ምንትዋብ የተጻፈውን የሚፈልግ፣ ወይም ከአያቱ ሣጥን የወጣውን የማርትሬዛ ብር እያገላበጠ በንስሩ ደረት ላይ የተቀረጸው ጋሻ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሁሉ፣ ትምህርት ቤት የተማረው እንግሊዝኛ አንድ ቦታ ላይ ሲከዳው ያያል። ቃሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይገኛል፤ ትርጉሙ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ጋር አይገጥምም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ቃላት ለሁለት ከፍሎ፣ የማዕረግና የአገልግሎት ስሞችን ለብቻ፣ በጋሻ ላይ የሚሠራባቸውን የአርማ ቃላት ለብቻ አድርጎ፣ እንዴት እንደሚነበቡ ያሳያል።

እነዚህ ቃላት ዛሬ ጌጥ ይምሰሉ እንጂ ሲፈጠሩ የሥራ፣ የዕቃ ወይም የአካል ስሞች ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቃል ሲያስቸግር "ምን ያህል ትልቅ ማዕረግ ነው?" ከማለት ይልቅ "መጀመሪያ የማን ሥራ ነበር?" ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያዋጣል። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የጎንደር ሰው ከብዙዎች ቀድሞ ዝግጁ ነው፤ ባልደራስ፣ አጋፋሪ፣ እልፍኝ አስከልካይ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የሚሉትን ስሞች ሲሰማ ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም አብሮ ይሰማዋልና።

ፊደሉን ማስተካከል

ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ሲሆን፣ መጽሐፉ በአምስት ቅጽ ኤደንብራ ላይ የታተመው በ1790 ነው። የዚያ ዘመን አታሚዎች ‹ኤስ› የተባለውን ፊደል በሁለት መልክ ያትሙት ነበር፤ በቃል መጨረሻ ላይ ዛሬ የምናውቀውን አጭሩን፣ በቃል መጀመሪያና መካከል ደግሞ ‹ኤፍ› የሚመስለውን ረጅሙን ያስገባሉ። በዚህ የተነሣ አቢሲኒያ የሚለው የአገራችን የቆየ ስም በብሩስ ገጾች ላይ ለዛሬ ዓይን ‹አቢፊኒያ› ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። መለያው አግድሙ ሰረዝ ነው። እውነተኛው ‹ኤፍ› ሰረዙ ቋሚውን መስመር ከወዲያ ወዲህ ያቋርጠዋል፤ ረጅሙ ‹ኤስ› ግን ወይ ሰረዝ የለውም፣ ወይ በግራ በኩል ብቻ ትንሽ ቅንጣት ወጣ ብላለት ትታያለች። በማሽን ተለቅመው ወደ ጽሑፍ የተለወጡ ቅጂዎች ይህን ፊደል ብዙ ጊዜ ‹ኤፍ› ስለሚያደርጉት፣ በእነዚህ ቅጂዎች ውስጥ አንድ ቃል ፈልገው ሲያጡ በ‹ኤፍ›ም አስገብተው ይሞክሩ።

ሌላው መሰናክል በ‹ዋይ› እና በ‹ኢ› የሚጻፈው ሁለት ፊደል ያለው አጭር ቃል ነው። ጥንታዊ እንግሊዝኛ የ‹ቲ-ኤች›ን ድምፅ ለብቻው የሚጽፍበት ‹ቶርን› የሚባል ፊደል ነበረው፤ ይህ ፊደል በእጅ ጽሕፈት ላይ እየተለወጠ ‹ዋይ›ን መሰለ፤ አታሚዎችም በ‹ዋይ› ተኩት። ስለዚህ ቃሉ ከስም በፊት ሲመጣ ‹ዘ› ተብሎ ይነበባል እንጂ ‹ዪ› አይባልም። ከግስ ጋር ሲመጣ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ቃል ነው፤ ትርጉሙም "እናንተ" ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ‹ዛው› የሚለው ተውላጠ ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዞቹ ከራሳቸው ይልቅ ቀላል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ‹ዛው› ማለት አንተ ወይም አንቺ፣ ‹ዪ› ማለት እናንተ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ሁሉንም ‹ዩ› በሚል አንድ ቃል ስለጠቀለላቸው፣ በጸሎት ውስጥ የሚሰማውን ‹ዛው› ብዙ ሰው የአክብሮት ቃል አድርጎ ይወስደዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ "አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር" ስንል እግዚአብሔርን እርስዎ እንደማንለው ሁሉ፣ እነርሱም በዚያ ዘመን የቅርብ አነጋገሩን ተጠቅመዋል። ‹ዌንስ› ከየት፣ ‹ዊዘር› ወዴት ማለት መሆኑን፣ ‹ዌርፎር› ደግሞ የሚጠይቀው ምክንያትን እንጂ ቦታን አለመሆኑን ከያዙ፣ የዚያ ዘመን ሰዋስው ብዙ አያስቸግርም።

መዝገበ ቃላት ሲከፍቱ ትርጉሞቹን ከማንበብዎ በፊት በአጭሩ የተጻፉትን ምልክቶች ያስተውሉ። በ‹ኤ-አር-ሲ-ኤች› የሚጀምረው ምልክት ቃሉ የቆየ መሆኑን፣ በ‹ኦ-ቢ-ኤስ› የሚጀምረው ጨርሶ የተተወ መሆኑን፣ በ‹ኤች-ኢ-አር› የሚጀምረው ደግሞ የአርማ ቃል መሆኑን ይናገራል። አርማን የሚመለከተው ትርጉም ከብዙ ትርጉሞች በታች ስለሚቀመጥ፣ መጀመሪያ የተገኘውን ትርጉም ይዞ የሚሄድ ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

የፈረስ ቤት፣ የእልፍኝና የማዕድ ሹማምንት

የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ትልልቅ ማዕረጎች ብዙዎቹ ከጋጣ የወጡ ናቸው። ‹ማርሻል› ዛሬ የጦር አበጋዝ የበላይ ስም ነው፤ ሥሩ ግን በጥንት ጀርመንኛ "ፈረስ" እና "አገልጋይ" የሚሉ የሁለት ቃላት ጥምር ነው። ‹ኮንስተብል›ም በላቲን "የጋጣ ሹም" ከሚል ሐረግ መጥቶ፣ በአንድ ወቅት የጦር አዛዥ ማዕረግ ሆኖ ነበር፤ ዛሬ እንግሊዝ አገር ተራውን ፖሊስ የሚጠሩበት ይህንኑ ቃል ነው። አሁን የአለቃ ተላላኪ ወይም ግብረ አበር ማለት የሆነው ‹ሄንችማን› እንኳ ከሰንጋ ፈረስ ስም የተሠራ ነው። ለዚህ ሁሉ ባልደራስ የሚለውን የራሳችንን ቃል ማስታወስ ይበቃል፤ የንጉሥ ፈረስ የአገር ጉልበት በነበረበት ዘመን የፈረስ ቤቱ ሹም ከንጉሡ አጠገብ መቆሙ አያስገርምም። የንጉሥ ፈረስ የነበረው የዞብል መቃብር ነው የሚባለውን ሕንጻ በፋሲል መዋኛ አካባቢ የሚያስጎበኝ ሰው፣ እንግዳው ‹ማርሻል› የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው ቢጠይቀው ጨዋታው እዚያው ይሰምራል።

‹እስኳየር› የሚለውም በዚሁ መንገድ ይፈታል። ላቲኑ ጋሻን ‹ስኩቱም› ይለዋል፤ ከዚያ "ጋሻ ያዥ" የሚለው ስም በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ‹እስኳየር› ሆነ። ይህ ቃል በቃል የእኛ ጋሻ ጃግሬ ነው። ዘመን ሲያልፍ ጋሻውም ጌታውም ቀርተው ስሙ የገጠር ባለ ርስት መጠሪያ ሆነ፤ በደብዳቤ አድራሻ ላይ ደግሞ ከሰው ስም በኋላ በሦስት ፊደል አጥሮ የሚጻፍ የአክብሮት ምልክት ሆነ። በቆየ ደብዳቤ ላይ ‹ኢ-ኤስ-ኪው› ተጽፎ ሲያገኙ የአባት ስም ነው ብለው እንዳይወስዱት።

‹ናይት› የሚለው ደግሞ መነሻው ይበልጥ ዝቅ ያለ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ልጅ፣ አሽከር ማለት ነበር፤ ከጌታ ቤት የሚያድግ ወጣት ጦር ሲይዝ ስሙ አብሮት ከፍ አለ። አማርኛም ይህንኑ መንገድ ሄዷል፤ ብላቴና ልጅ ሆኖ ሳለ ብላቴን ጌታ ግን የትልቅ ሹም ስም ነው። ብሩስም ይህንን ማዕረግ በራሱ አጻጻፍ ‹ቢሌታና ጉዌታ› እያለ ደጋግሞ ይጽፈዋል። የእርሱን አጻጻፍ ለማንበብ ጮክ ብሎ ማንበብን የመሰለ ዘዴ የለም፤ ‹ኦዞሮ› ወይዘሮ፣ ‹ፊት አውራሪስ› ፊታውራሪ፣ ‹ኮስካም› ቁስቋም መሆናቸውን ዓይን ቢስተው ጆሮ አይስተውም።

‹ቼምበርሌን› ከ‹ቼምበር› ማለትም ከእልፍኝ የወጣ ስለሆነ እልፍኝ አስከልካይ ብሎ መመለስ ይቻላል። ‹አሸር› በላቲን "ደጅ" ከሚለው ቃል የመጣ በር ጠባቂ ነው፤ ለሥራው የሚቀርበው አጋፋሪ ነው። ‹ቻንስለር› በፍርድ ቤት ሰዎችን ከዳኛው የሚለየው የእንጨት ፍርግርግ አጠገብ የሚቆም ዘበኛ ነበር፤ ቆይቶ ጸሐፊ ሆነ፤ ከዚያም የመንግሥት ማኅተም ያዥ ሆነ። ‹ስቱዋርድ› የአዳራሽ ጠባቂ ነበር፤ የስኮትላንድ ነገሥታት የነበሩት ስቱዋርቶች ስማቸውን ያገኙት አባቶቻቸው ከያዙት ከዚህ ሹመት ነው። ‹ሸሪፍ› የአውራጃ ሹም ነው፤ በዚህ ላይ የሚጨመር የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ‹ሎርድ› ነው። ቃሉ ሲፈታ "ዳቦ ጠባቂ" ይሆናል፤ ‹ሌዲ› ደግሞ "ዳቦ የምታቦካ" ማለት ነው። ጌትነት ማለት ቤተሰብንና አሽከርን ማብላት ስለነበር፣ ማዕዱን የሚያዝዘው ሰውና ሊጡን የምታስቦካው እመቤት ለአገር ሁሉ የጌታና የእመቤት ስም ሆኑ። ግብር የሚገባበትን አዳራሽ በዓይነ ኅሊናው ለሚያይ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መስጠት ግድ ነው። ሥራውን ከሥራ ጋር ማነጻጸር መልካም ሆኖ ሳለ፣ ማዕረጉን ከማዕረግ ጋር ማመሳሰል ግን ሰውን ያሳስታል። ራስን ‹ዱክ›፣ ደጃዝማችን ‹ኧርል› ብለው የሚያስረዱ አስጎብኚዎች አሉ። ‹ዱክ› መሪ፣ ‹ካውንት› የንጉሥ ባልንጀራ፣ ‹ማርኩዊስ› የጠረፍ ገዥ፣ ‹ባሮን› ደግሞ "ሰው" ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ እነዚህ በአውሮፓ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርዱ ማዕረጎች ሆነዋል። ሮበርት ናፒየር ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ በ1868 ‹ባሮን ናፒየር ኦፍ ማግዳላ› ተብሎ ሲሾም ስሙ ለልጆቹ ጭምር የተሰጠ ነበር። የእኛ ራስና ደጃዝማች ግን በንጉሥ ሹመት የሚሰጡና የሚሻሩ እንጂ በመደበኛው የሚወረሱ አልነበሩም። ለእንግዳ ሲያስረዱ ሥራውን መንገር ይሻላል፤ ፊታውራሪ ከፊት የሚዘምት፣ ደጃዝማች በንጉሡ ደጅ የሚያዘምት ነው ቢባል ማንም ይገባዋል።

በነገራችን ላይ፣ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ ልቦለዶች ውስጥ እንግዶች ተሰብስበው ‹ኒገስ› ሲጠጡ ይገኛሉ። አጻጻፉ ከንጉሥ ጋር አንድ ስለሆነ የኛ አገር አንባቢ ግር ይለዋል። መጠጡ ወይን ጠጅ በሙቅ ውኃ፣ በስኳርና በሎሚ የተበረዘ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ ከተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋር አይገናኝም።

ጋሻውን ማንበብ

በ12ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተዋጊው ፊቱን በብረት ቁር መሸፈን ሲጀምር፣ ማን ማን እንደሆነ የሚለየው በጋሻው ላይ ባለው ሥዕል ሆነ። እነዚህን ሥዕሎች የሚያውቅና የሚመዘግብ ባለሙያ ‹ሄራልድ› ይባላል፤ በለንደን የሚገኘው የሄራልዶች ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1484 በንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ነው። ሄራልዱ ጋሻውን በቃላት የሚገልጽበት ዐረፍተ ነገር ‹ብሌዘን› ይባላል። የብሌዘን ጥበብ ሥዕሉን ያላየ ሠዓሊ ከቃሉ ብቻ ተነሥቶ ትክክለኛውን ጋሻ እንዲሥል ማድረግ ነው፤ ስለዚህ አንድም ቃል ለማሳመር አይገባም፤ እያንዳንዱም ሥራ አለው።

የመጀመሪያው ቁልፍ ቀኝና ግራ ነው። ‹ዴክስተር› ቀኝ፣ ‹ሲኒስተር› ግራ ማለት ነው፤ ሁለቱም ላቲን ናቸው። ቀኝና ግራ የሚባሉት ግን በጋሻው ያዥ በኩል እንጂ በተመልካቹ በኩል አይደለም፤ ስለዚህ ሥዕሉን ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ‹ዴክስተር› በግራ እጁ በኩል ይውላል። ቀኛዝማች የንጉሡን ቀኝ ክንፍ፣ ግራዝማች ግራውን የሚያዘምቱት ጠላት ከሚያይበት አቅጣጫ ሳይሆን ሠራዊቱ ከቆመበት አቅጣጫ መሆኑን ያስታወሰ ሰው ይህን ፈጽሞ አይስትም። ‹ሲኒስተር› በዛሬ እንግሊዝኛ ክፉ፣ አስፈሪ ማለት ሆኗል፤ በጋሻ ላይ ግን ግራ ከመሆን በቀር ክፋት የለበትም።

ሁለተኛው ቁልፍ ቅደም ተከተሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1066 ከኖርማንዲ የመጡት ገዥዎች ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ የአርማ ቃላት ሥርም ሰዋስውም ከዚያ ነው፤ ቅጽል ከስም በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ የመደቡ ቀለም ይነገራል፤ ቀጥሎ በመደቡ ላይ ያለው ነገር፣ አቋሙ፣ በመጨረሻም ቀለሙ ይነገራል። አማርኛ ቅጽልን ስለሚያስቀድም፣ ሲተረጉሙ መደቡን በቦታው ትተው የቀረውን ከኋላ ወደ ፊት ያንብቡት።

ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው። ወርቅ ‹ኦር›፣ ብር ‹አርጀንት› ይባላሉ፤ እነዚህ ማዕድናት ናቸው፤ በቢጫና በነጭም ይሣላሉ። ‹ኦር› "ወይም" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በአጻጻፍ አንድ ስለሆነ ጀማሪን ያሳስታል፤ በብሌዘን ውስጥ ሲገኝ ሁልጊዜ ወርቅ ብለው ያንብቡት። ቀዩ ‹ጉልዝ› በጥንት ፈረንሳይኛ ከጉሮሮ ስም የመጣ ነው፤ ቀይ የተነከረ ፀጉራም ቆዳ በአንገት ላይ ይደረግ ነበርና። ሰማያዊው ‹አዠር› ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው፤ ፋርሶች በዛሬዋ አፍጋኒስታን ከሚቆፈረው ሰማያዊ ድንጋይ ስም አመጡት፤ ዐረቦች ወሰዱት፤ አውሮፓውያን ሲቀበሉት የመጀመሪያውን የ‹ል› ድምፅ እንደ እንግሊዝኛው ‹ዘ› ያለ መስተአምር መስሏቸው ቆርጠው ጣሉት። ጥቁሩ ‹ሴብል› በስላቭ አገሮች ከሚገኝ ጥቁር ፀጉር ያለው ትንሽ አውሬ ነው። አረንጓዴው ‹ቨርት›፣ ወይን ጠጁ ‹ፐርፕዩር› ነው፤ የኋለኛው ቀለሙ ከሚወጣበት የባሕር ቀንድ አውጣ ስም የመጣ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ቆዳዎች አሉ፤ ‹ኧርሚን› ነጭ ሆኖ ጥቁር የጅራት ጫፎች የተበተኑበት ነው። መኳንንቶቻችን ለምድ ሲደርቡ በአውሬው ቆዳ ክብራቸውን እንዳሳዩት፣ እነዚያም ይህን ቆዳ ከካባቸው ወደ ጋሻቸው አዛወሩት። ‹ፕሮፐር› የሚለው ቃል ደግሞ ነገሩ በተፈጥሮ ቀለሙ መሣሉን ይናገራል።

ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይደረግም፤ በሩቅ እንዳይደበዝዝ ነው። ስመ ጥሩ ጥሰት የኢየሩሳሌም መንግሥት አርማ ነው፤ በብር መደብ ላይ የወርቅ መስቀሎች አሉት።

ቀለም በሌለበት ማኅተም፣ የብር ዕቃና የመጽሐፍ ሥዕል ላይ ቀለሞቹ በመስመር ይነገራሉ። ይህ ሥርዓት የተስፋፋው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ፋሲል ጎንደርን በቆረቆሩበት ዘመን አካባቢ ነው። ነጥብ ነጥብ ያለበት ወርቅ፣ ባዶው ብር፣ ቋሚ መስመር ቀይ፣ አግድም መስመር ሰማያዊ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ጥቁር ነው። ይህን የያዘ ሰው ቀለም አልባውን ሥዕል በቀለም ያነበዋል።

በመደቡ ላይ የሚቀመጡት ቀላል ቅርጾች የአናጢ ቤት ቃላት ናቸው ቢባል ያስኬዳል። ‹ፔል› ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ መስመር ሲሆን ቃሉ ካስማ ማለት ነው። ‹ፌስ› መካከሉን የሚያቋርጥ መቀነት ነው። ‹ቤንድ› በሰያፍ የሚወርድ ጥብጣብ፣ ‹ሶልታየር› የቅዱስ እንድርያስ የሚባለው የ‹ኤክስ› ቅርጽ ያለው መስቀል ነው። ‹ሼቭሮን› የሚባለው፣ የወታደር ክንድ ላይም የሚገኘው፣ የተገለበጠ ‹ቪ› ቃሉ በፈረንሳይኛ የጣሪያ ወጋግራ ማለት ነው፤ ሁለት ወጋግራ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ የሚሠሩት ቅርጽ እርሱ ነውና። ‹ቺፍ› የጋሻው የላይኛው ሢሶ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን "ራስ" ማለት ነው።

ለእንስሳ አቋም የተመደቡት ቃላት ብዙ ናቸው፤ አስፈላጊዎቹ ግን አራት ወይም አምስት ቢሆኑ ነው። ‹ራምፓንት› በኋላ እግሩ ቆሞ የሚቧጥጥ፣ ‹ፓሰንት› አንዱን የፊት እግሩን አንሥቶ የሚራመድ፣ ‹ሲጀንት› የተቀመጠ፣ ‹ካውቸንት› ራሱን ቀና አድርጎ የተኛ፣ ‹ዶርመንት› እንቅልፍ የወሰደው ነው። ‹ጋርደንት› ከተጨመረ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሯል፤ ‹ሪጋርደንት› ከተባለ ወደ ኋላው ያያል። ለንስር ክንፉን የዘረጋ ሲሆን ‹ዲስፕሌይድ› ይባላል። የይሁዳን አንበሳ በዚህ ቋንቋ ለመግለጽ የሚፈልግ ሰው ‹ፓሰንት› ብሎ ይጀምር፤ ሦስት እግሩን መሬት አስረግጦ፣ በአራተኛው መስቀል ያለበትን ዘንግ ይዞ ይራመዳልና። ከዚያ ዘውድ መድፋቱን ይጨምር፤ ፊቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ግን በእጁ ያለውን ሥዕል አይቶ ይወስን።

ከትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ጋር የሚጋጩትን አንድ ጊዜ ለይቶ መያዝ ይጠቅማል። ‹ፊልድ› ማሳ ሳይሆን መደቡ፣ ‹ቻርጅ› ክፍያ ሳይሆን በመደቡ ላይ ያለው ነገር፣ ‹ሰፖርተር› የኳስ ደጋፊ ሳይሆን ጋሻውን ከቀኝና ከግራ ይዞ የሚቆመው እንስሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1603 ወዲህ በእንግሊዝ ንጉሥ ጋሻ አጠገብ አንበሳና ባለ አንድ ቀንዱ ፈረስ የሚቆሙት፣ የመጀመሪያው ለእንግሊዝ፣ ሁለተኛው ለስኮትላንድ ነው። ‹ማሌት› መዝገበ ቃላት ውስጥ ዓሣ ሆኖ ይገኛል፤ በጋሻ ላይ ግን ኮከብ ነው፤ ጋላቢ ፈረሱን የሚኮረኩርበት የተረከዝ ብረት ጥርስ ከሚባልበት ቃል የመጣ ነው። ‹ክረስት› የሚባለው መላው አርማ አይደለም፤ እንግሊዞቹም በየዕለቱ ይስቱታል፤ ከቁሩ አናት ላይ የሚቀመጠው ጌጥ ብቻ ነው፤ ቃሉም የወፍ ጉትያ ማለት ነበር። ‹ስሎጋን› ዛሬ የማስታወቂያና የሰልፍ መፈክር ይሁን እንጂ፣ ሥሩ በስኮትላንድ ጌሊክ "የሠራዊት ጩኸት" ነው፤ በስኮትላንድ አርማዎችም ላይ ይጻፋል። ለዚህ ቅርቡ የእኛ የፈረስ ስም ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ሲባሉ ስሙ በፉከራና በቀረርቶ የሚጠራ ነበር።

መሞከሪያ

የመጀመሪያው መሞከሪያ ከቤት የማይጠፋው ጠገራ ብር ይሁን። ማሪያ ቴሬዛ በሞተችበት በ1780 የተጻፈበት ይህ ብር ከንግሥቲቱ ምስል በስተጀርባ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለው፤ ክንፉ የተዘረጋ ስለሆነ ‹ዲስፕሌይድ› ነው። በደረቱ ላይ ያለው ጋሻ ለአራት ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ግዛት ነው። በመካከል የተደረበችው ትንሽ ጋሻ የኦስትሪያ ናት፤ ብሌዘኑም ‹ጉልዝ፣ ኤ ፌስ አርጀንት› ነው፤ በቀይ መደብ ላይ የብር መቀነት ማለት ነው። የዛሬው የኦስትሪያ ሰንደቅ ዓላማ ይህንኑ ይዟል። አጉሊ መነጽር ካለ በጣም ይረዳል፤ ብዙዎቹ ብሮች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ተልጠዋል።

ሁለተኛው ‹ኦር፣ ኤ ሶልታየር ኤንድ ቺፍ ጉልዝ› የሚለው የብሩስ ዘር ጥንታዊ ጋሻ ነው። መደቡ ወርቅ፣ በላዩ የእንድርያስ መስቀል፣ ከላይ ደግሞ የራስጌው ሢሶ አለ፤ ቀለሙ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ የተነገረው ለሁለቱም ስለሆነ ሁለቱም ቀይ ናቸው። የእንግሊዝ ነገሥታት ጥንታዊ ጋሻ ‹ጉልዝ፣ ስሪ ላየንስ ፓሰንት ጋርደንት ኢን ፔል ኦር› ነው። በቀይ መደብ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በታች እንደ ካስማ ተደርድረው፣ እየተራመዱ ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞሩ ሦስት የወርቅ አንበሶች ናቸው። የድሮ ሄራልዶች እንዲህ ፊቱን አዙሮ የሚራመደውን አንበሳ ነብር ይሉት ስለነበር፣ በቆዩ መጻሕፍት የእንግሊዝ "ነብሮች" ተብሎ ሲጻፍ ሌላ አርማ አይፈልጉ።

የመጨረሻው ከእኛ ታሪክ ጋር የሚነካካ በመሆኑ ቀስ ተብሎ መነበብ አለበት። በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የቺቸስተር ሀገረ ስብከት ጋሻ መደቡ ‹አዠር› ነው፤ በላዩ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ከአፉም ሰይፍ ይወጣል፤ ሰይፉ ‹ጉልዝ› ነው። የቆዩ የአርማ መጻሕፍት ይህን ሰው ‹ፕሬስተር ጆን› ይሉታል፤ ማለትም አውሮፓውያን በምሥራቅ አለ ብለው ሲፈልጉት ኖረው በመጨረሻ ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋር አንድ ያደረጉት ቄስ ንጉሥ ዮሐንስ ነው። በመቃብር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል ብለውም ይጽፋሉ። ሥዕሉን ግን በደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ሥር ቆሞ የተማረ ማንኛውም ሰው ያውቀዋል፤ በራእይ ዮሐንስ 1፥16 ከአፉ በሁለት ወገን የተሳለ ሰይፍ የሚወጣው ክርስቶስ ነው፤ ድንጋይ የተባለውም ዙፋኑ ነው። ሄራልዶቹ የጥንት ማኅተም ላይ ያለውን ምስል ሲያዩ ማን እንደሆነ ሳቱት፤ የሳቱትንም በብሌዘን ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም ጽሑፉን እየገለበጡ ቀጠሉ። ስለዚህ በአንድ የቆየ መጽሐፍ ውስጥ በእንግሊዝ ጋሻ ላይ የኢትዮጵያ ንጉሥ አለ የሚል ሲያገኙ፣ ወደ ማስታወሻዎ ከመገልበጥዎ በፊት ሥዕሉን ፈልገው በዓይንዎ ይዩት።